ምዕራፍ ሰባት፦ ቀልብ የሚያርፍበት ጥላ

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎች የሚያገግሙባቸው ክፍሎች በስፋትም፣ በአልጋም፣ በመስኮት መጠንም አንድ ዓይነት ነበሩ። የሚለያዩት መስኮቱ በሚያሳየው ነገር ብቻ ነው። ግማሾቹ ጥቂት ዛፎች የቆሙበትን ግቢ ያሳያሉ፤ ግማሾቹ ፊት ለፊት ቡናማ የጡብ ግድግዳ ተጋርጦባቸዋል። ሕመምተኛው የትኛው ክፍል እንደሚደርሰው የሚወስነው የዕለቱ ክፍት አልጋ ነበር።

ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ ይህን አጋጣሚ አየና ከ1972 እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የሆስፒታሉን መዝገብ አገላበጠ። ዛፎቹ ቅጠል በሚለብሱባቸው ወራት የታከሙትን ብቻ ለየ። ከዚያም በጾታ፣ በዕድሜ፣ በክብደት፣ ሲጋራ በማጨስና ባለማጨስ የሚመሳሰሉትን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረ። አንዱ ዛፍ ያየ፣ ሌላው ግድግዳ ያየ፤ 23 ጥንድ፣ በጠቅላላው 46 ሰው። ውጤቱን በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ግድግዳ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 8.70 ቀን ሆስፒታል ሲቆዩ ዛፍ ያዩት 7.96 ቀን ቆይተዋል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የነርሶቹ ማስታወሻ ነው። ነርሶች በየፈረቃው የሕመምተኛውን ሁኔታ ይጽፋሉ፦ ተከፍቷል፣ አልቅሳለች፣ ብዙ ማበረታቻ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ግድግዳ ለሚያየው ሰው በአማካይ አራት ጊዜ ያህል ሲጻፍ፣ ዛፍ ለሚያየው ከአንድ ብዙም አልዘለለም።

ዛፉን አይታችሁ ተጽናኑ ያላቸው የለም። እንደ መድኃኒት አልታዘዘላቸውም። ብዙዎቹም መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ ልብ ያሉት አይመስለኝም። ኡልሪች ራሱ በወጣትነቱ በኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ ቤት ተኝቶ እንደነበርና በመስኮቱ ይታየው የነበረ ጥድ እንዳበረታው ኋላ ተናግሯል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 46 ሰው ዓለምን አይወክልም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በመጣው ምርምር ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን ነው፤ ዛሬ ሆስፒታል የሚነድፉ ብዙ አርክቴክቶች ይህን ሥራ ያውቁታል።

ጥናቱን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ተፈጥሮ ለአእምሮ ጤና ይጠቅማል» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ አርባ ምንጭ ይሮጣል። መኪና፣ የሆቴል ኪራይ፣ የእረፍት ቀን ይታየናል። በዚህም የተነሳ ጉዳዩ ገንዘብ የተረፈው ሰው መዝናኛ መስሎ ይቀራል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ለተጨነቀ አእምሮ የሚበጀው በዓመት አንዴ የሚጎበኘው አስደናቂ ሐይቅ ሳይሆን፣ በየቀኑ መንገድ ላይ የሚገኘው ተራ ዛፍ ነው።

ለምን እንደሚበጅ ለመረዳት፣ ከሥራ በኋላ መገናኛ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ያስቡ። ጆሮው ረዳቱ የሚጠራውን ሰፈር ለመለየት ተቀስሯል። ዓይኑ የመጣውን ሚኒባስ ሁሉ ይከተላል። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ስልኩን ጨብጧል፣ ሌባ አለና። ከኋላው የሚገፋውን፣ ከፊቱ ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ፣ ሰልፉን ሊያልፍ የሚሞክረውን ሰው ሁሉ ይከታተላል። በዚህ መሐል ስልኩ ይጮኻል። ይህ ሰው ቆሟል እንጂ አላረፈም፤ ቀልቡ አሥር ቦታ ተበትኖ ይሠራል። ቤቱ ሲደርስ ምን እንዳደከመው ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር ግን ከልኩ በላይ ይቆጣል።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ራቼልና ስቴፈን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት ያጠኑት ይህንን ድካም ነው። እንደ እነሱ አባባል የሰው ትኩረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆን ብለን፣ ሌላውን ሁሉ እየገፋን፣ አንድ ነገር ላይ የምንተክለው ነው። ሒሳብ ስንሠራ፣ መኪና ስንነዳ፣ ሰልፍ ላይ ተራችንን ስንጠብቅ የምንጠቀመው ይኸው ነው፤ ሲውል ሲያድር ይዝላል። ሲዝል ትዕግሥት ያልቃል፣ መርሳት ይበዛል፣ ትንሹ ነገር ሆድ ያስብሳል። ሁለተኛው ሳንታገል በራሱ የሚሳበው ነው። ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ደመና ሲያልፍ፣ ውሃ ሲወርድ ዓይን ራሱ ይከተላል። ቀልብ ይስባል፣ ግን አይዝም፤ እያዩ ሌላ ነገር ማሰብ ይቻላል። የመጀመሪያው ትኩረት የሚያርፈው ሁለተኛው ሥራውን ሲረከበው ነው ይላሉ ባልና ሚስቱ። በ1989 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህን በሰፊው አትተውታል።

እዚህ ላይ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ዓይን ይስባል የሚል ይኖራል። ይስባል፤ ነገር ግን ይይዛል፣ አይለቅም። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ሲያዩ ከቆዩ በኋላ የሚሰማዎትንና ግማሽ ሰዓት ዛፍ ሥር ከተቀመጡ በኋላ የሚሰማዎትን ራስዎ ማወዳደር ይችላሉ።

የካፕላኖቹን ሐሳብ ማርክ በርማንና ባልደረቦቹ ፈተኑት። የሚሺጋን ተማሪዎችን ከሃምሳ ደቂቃ በላይ በእግራቸው እንዲሄዱ አደረጉ፤ አንድ ጊዜ ዛፍ በሞላበት የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሥፍራ፣ ሌላ ጊዜ በመሐል ከተማ ጎዳና። ከጉዞው በፊትና በኋላ ቁጥሮች ይነበቡላቸውና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲደግሙ ይጠየቃሉ። ይህ ቀላል ቢመስልም ሙሉ ቀልብ የሚጠይቅ ፈተና ነው። ከዛፎቹ መሐል ሲመለሱ ውጤታቸው ተሻሻለ፤ ከጎዳናው ሲመለሱ ያን ያህል አልተሻሻለም። በ2008 የታተመው ይህ ጥናት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ የሄዱት በሚሺጋን ብርቱ ክረምት ነው። በእርግጥ በብርዱ አልተደሰቱም፤ ትኩረታቸው ግን እንደ ሌሎቹ ታድሷል። ጥቅሙን ለማግኘት መደሰት ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ይህን በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖቼ ደግሜ ልነግራቸው እወዳለሁ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቤት ተዘግቶ፣ ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ መመላለስ ስንቱን ለድብርት እንደዳረገ እነሱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ካፖርት ደርቦ፣ ባይወዱትም እንኳ፣ ወጣ ማለት ዋጋ አለው።

ቀልብ መበተን አንድ ነገር ነው፤ ማብሰልሰል ሌላ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዓይንዎ ይገለጣል፤ አለቃዎ የተናገሩት ቃል ይመጣል። ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ? ለምን ዝም አልኩ? ሰው ምን አለ? መልስ የሌለው ጥያቄ ተመልሶ ከመነሻው ይጀምራል። ይህ ማብሰልሰል ችግሩን አይፈታም፤ ሐኪሞች ግን ለድባቴ በር ከሚከፍቱ ነገሮች አንዱ እንደሆነ በሚገባ ያውቃሉ።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግሬጎሪ ብራትማንና ጓደኞቹ በ2015 ያሳተሙት ጥናት በቀጥታ ይህን ይመለከታል። የከተማ ነዋሪ የሆኑ 38 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሣርና አልፎ አልፎ ዛፍ ባለበት ሜዳ፣ ገሚሶቹ መኪና በሚያጥለቀልቀው ሰፊ አውራ ጎዳና ዳር፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ለ90 ደቂቃ ተጓዙ። በሜዳው የሄዱት ሲመለሱ ስለ ራሳቸው ማብሰልሰላቸው እንደቀነሰ ተናገሩ። በመሣሪያ ሲታይም፣ አንድ ሰው ስለ ራሱ ክፉ ክፉውን ሲያስብ የሚነቃ፣ ከግንባር ኋላ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ የአንጎል ክፍል ሥራው ረገብ ብሎ ተገኘ። በጎዳናው የሄዱት ላይ ይህ አልታየም። ሁለቱም ወገን እኩል ተራምዷል፤ ስለዚህ ለውጡን ለእግር ጉዞው ብቻ መስጠት አይቻልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በርሊን ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራም የአንድ ሰዓት የጫካ ጉዞ ከፍርሃትና ከውጥረት ጋር የተያያዘውን የአንጎል ክፍል እንደሚያረጋጋ፣ የአንድ ሰዓት የገበያ ጎዳና ጉዞ ግን እንዲህ እንደማያደርግ አሳይቷል።

ጃፓኖች ይህን ከ1982 ጀምሮ የመንግሥት ጉዳይ አድርገውታል። የደን መሥሪያ ቤታቸው ሕዝቡ ጫካ ገብቶ በእርጋታ እንዲቆይ መቀስቀስ ጀመረ፤ ዛሬም ለዚሁ የተመረጡ ደኖች አሏቸው።

እዚህ ደርሶ የሚጠራጠር አንባቢ እወዳለሁ። ጥርጣሬው እንዲህ ይሆናል፦ ዛፍ ያለበት ሰፈር የሚኖረው ሀብታም ነው፤ ሽርሽር የሚወጣውም ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነው ነው፤ ታዲያ ዛፉ ነው ወይስ ኑሮው ያረጋጋው? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ 20 ሺህ ያህል ሰዎች ተጠይቀው፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጨርሶ ከማይወጡት ይልቅ ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ መናገራቸው በ2019 ተዘግቧል። ሁለቱን ሰዓት በአንድ ጊዜ ማሳለፍም ሆነ በትንሽ በትንሹ መከፋፈል ልዩነት አላመጣም። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የወጣው ደግሞ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የልጅነት ሰፈሩን በሳተላይት ምስል ተመልክቶ፣ አረንጓዴ ባነሰበት አካባቢ ያደጉት ኋላ ላይ ለአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው እስከ 55 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ የወላጆች ገቢና የቤተሰብ የሕመም ታሪክ ከግምት ገብቶም ቢሆን። እነዚህ ጠንካራ ፍንጮች ናቸው፤ ማረጋገጫ ግን አይደሉም።

ማረጋገጫ ወደሚባለው የሚቀርበው የፊላደልፊያው ሥራ ነው። በዚያች ከተማ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው፣ ቆሻሻና የተሰበረ ጠርሙስ የሞላባቸው ባዶ ቦታዎች በየድሃ ሰፈሩ አሉ። ዩጄኒያ ሳውዝ የተባለች የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ 541 ቦታዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። በአንደኛው ምድብ ቆሻሻው ተነሣ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተከሉ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥርም ተሠራለት። በሁለተኛው ቆሻሻው ብቻ ተጠረገ። ሦስተኛው እንደነበረ ተተወ። የአካባቢው ነዋሪዎች ከሥራው በፊትና በኋላ ስለ ስሜታቸው ተጠየቁ፤ ጥያቄው ከባዶው ቦታ ጋር እንደሚገናኝ አያውቁም። በ2018 የታተመው ውጤት፣ ሣርና ዛፍ በተተከለበት አካባቢ የድብርት ስሜት ያለባቸው ሰዎች ምንም ካልተደረገበት ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። ከድህነት ወለል በታች በሆኑት ሰፈሮች ደግሞ ቅነሳው 68 በመቶ ገደማ ደረሰ። ቆሻሻው ብቻ የተነሣበት አካባቢ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየበትም። ለአንድ ቦታ የወጣው 1,600 ዶላር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኪራይ አልቀነሰም፣ ደመወዝ አልጨመረም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም አልመጣም። ብዙዎቹ ነዋሪዎች በቦታው አጠገብ አለፉ እንጂ ገብተው እንኳ አልተቀመጡ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ድሆቹ ናቸው። ዛፍ የቅንጦት ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ በላይ ማስተባበያ አያስፈልገውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሰው ይህን ከጥናት አልተማረውም። በሰሜን ኢትዮጵያ በተራቆተው ገላጣ መሐል እንደ ደሴት የቀሩት ደኖች የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ እንዳሉ ተቆጥሯል። አለማየሁ ዋሴ የተባሉት የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ዕድሜያቸውን የሰጧቸው ለእነዚህ ደኖች ነው፤ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ማኅበረሰቡ ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ እንዲያጥራቸው ሠርተዋል። እንጦጦም ላይ ቢሆን ተራራውን የሞላው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ የቀደመውን የሐበሻ ጥድና ወይራ ለማየት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ማለፍ ይቀላል።

በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ከእነዚህ ግቢዎች አንዱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ማየት በቂ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ የጥዱን ግንድ የተደገፈች ሴት አለች። ልጣጩ በረጃጅሙ ተሰንጥቆ እየተላጠ ነው፤ ሳታስበው በጣቷ ትነካካዋለች። ትንሽ ራቅ ብሎ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሽማግሌ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ጸሎታቸውን ጨርሰዋል፤ ለመሄድ ግን አልተነሡም። ከላይ ዋኖስ ትጮኻለች። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ለስልሷል፤ የሚራመድ ሰው ድምፅ አይሰማም። ምእመኑ እዚህ የመጣው ለአምላኩ ነው፤ ይህን በጥድ ሽታ ልተካው አልፈልግም። ግን ሰው ጸሎቱን ከጨረሰ በኋላ ለምን እንደሚቆይ ለማስረዳት ካፕላኖቹ የጻፉት በጣም ይቀርባል። ኦሮሞ ጉባኤውን በኦዳ ሥር፣ የአማራ ገበሬ ሽምግልናውን በዋርካ ሥር ማድረጉም ለጥላው ብቻ አይመስለኝም። የተካረሩ ባላንጣዎችን ጠባብ ክፍል ውስጥ አፋጦ ማስታረቅ ከባድ እንደሆነ አባቶች ያውቁታል።

«እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተፈጥሮ ውስጥ የሚውለው ገበሬ ለምን ይጨነቃል?» የሚል ይኖራል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚያርፍ ቀልብ የለውም። ደመናውን ሲያይ ዝናቡን ያሰላል፤ ቅጠሉን ሲያይ ተባዩን ይፈልጋል፤ ዕዳውም የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮት ያርሳል። ለእሱ ማሳው እንደ እኛ ቢሮ ነው፤ የሚያርፈው ሞፈሩን አስቀምጦ ዋርካው ሥር ሲቀመጥ ነው። ተፈጥሮ ረሃብንና ፍርሃትን የሚያስወግድ ክታብ አይደለም። በአንድ የዓረብ አገር ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ያለ ፈቃድ ከበር እንዳትወጣ የተከለከለች እህታችንንም ዛፍ ሥር ተቀመጪ ብሎ መምከር ስላቅ ይሆናል። እሷ አስቀድማ የሚያስፈልጋት በሳምንት አንድ የእረፍት ቀንና የተከፈተ በር ነው። ያ ቀን ሲገኝ ግን ከመኝታ ቤት ይልቅ ወደ መናፈሻ ብታመራ እመኛለሁ።

ድባቴው የጠናበት፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። መድኃኒት የታዘዘለትም በአየርና በፀሐይ፣ በጸበልም ቢሆን፣ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን አያቋርጥ። ዛፍ ለሕክምና አጋዥ እንጂ ምትክ አይሆንም።

ለሌሎቻችን የሚያስፈልገው መጠን ብዙ አይደለም። በሚሺጋን በ2019 በወጣ ጥናት ተሳታፊዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ደስ ያላቸውን አረንጓዴ ሥፍራ መርጠው፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ንባብ፣ ያለ ወሬ ተቀመጡ ወይም ቀስ ብለው ተራመዱ። ምራቃቸው ሲመረመር የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል በፍጥነት የቀነሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ቆይታ ነበር። ስለዚህ ከምሳ ሰዓትዎ ግማሹን ይውሰዱ። ስልኩን ቢሮ ይተዉት፤ ኪስ ውስጥ ካለ እጅ ይፈልገዋል። ጫካ ብቻዎን መግባት የሚያሰጋ ከሆነ፣ በተለይ ለሴቶች ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፣ ሰው የማይጠፋበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የመስጊድ ግቢ ወይም እንደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ያለ የተጠበቀ ሥፍራ ይምረጡ። ሲቀመጡ ምንም ለመሥራት አይሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሰለቻሉ፤ ሐሳቡም ከቤት ይዘውት የመጡት ነው። ይቆዩበት።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለሆኑት አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በብዙ ሳይቶች በሕንፃዎቹ መሐል ያለው የጋራ መሬት ወይ አቧራ ነው፣ ወይ መኪና ማቆሚያ፣ ወይ የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ። የፊላደልፊያዎቹ ባዶ ቦታዎችም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ ከውሃ ሞተሩና ከጥበቃው ደመወዝ ቀጥሎ ይህን መሬት አጀንዳ ያስይዙ። ወይራ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ይተከል፤ ሥሩም አንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚሞተው ከጥቅምት በኋላ ውሃ የሚያጠጣው ሲጠፋ ነውና፣ ከመትከሉ በፊት እስከ ሰኔ ድረስ በየሳምንቱ የሚያጠጣው ሰው በስሙ ይመደብ።